ቀይ ቀበሮ የሌለበት ጮቄ፦ የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ ከየወረዳው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ወደ ደብረ ማርቆስ በደህና መጣችሁ። ከቢቡኝና ከሲናን ሌሊት ተነሥታችሁ የደረሳችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ፤ የጮቄ ብርድ ገና ከጋቢያችሁ አልወጣም።

ጉባኤውን በአንድ እንስሳ ስም መክፈት እፈልጋለሁ። አባቴ በልጅነቱ ጮቄ ላይ ከብት ሲጠብቅ ቀይ ቀበሮ ያይ ነበር። እግሩ ረጅም፣ አፉ ሾጣጣ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር መሆኑን እየደጋገመ ይነግረን ነበር፤ በጎቹን ትቶ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ሳይነቃነቅ ሲያደፍጥ እንደሚውልም ጭምር። እኔ በዚያው መስክ አድጌ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ልጆቼ በሥዕል ብቻ ያውቁታል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ዛሬ በአገራችን ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ጨርሶ ከጠፋባቸው ተራሮች አንዱ የእኛው ጮቄ ነው። የሄደበትን ቀን የመዘገበ የለም። ለቅሶም አልተቀመጥንለትም።

ቀይ ቀበሮ ኑሮው በፍልፈልና በአይጥ ነው፤ ፍልፈልም ኑሮው በሣሩ ነው። ማረሻ ገብስና ድንች ይዞ ሽቅብ ወጣ፤ የደጋው ቁጥቋጦ አስታ ለማገዶ ተቆረጠ፤ በተረፈው ሣር ላይ ከብት ያለ ዕረፍት ተሰማራ። ከሰው ጋር የሚወጣ ውሻ ደግሞ የውሻ እብደት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ባሌ ላይ ይህ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። ይህን ስል ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ መሬት የጠበበው ሰው ዳገት የሚወጣው ልጆቹን ሊያበላ እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር መንዝ ትዝ ይለኛል። የመንዝ ሰዎች ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ጓሳ፣ ማለትም የደጋ ሣር ምድር፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለ400 ዓመታት ገደማ ሲጠብቁ ኖረዋል። መሬቱን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ በሽማግሌዎች ውሳኔ ይከፍቱታል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢዳከምም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። ልብ በሉ፤ ጓሳውን የጠበቁት ለቀበሮው ብለው አልነበረም። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በድርቅ ዘመን ለከብቱ መጠጊያ እንዲሆን ነው። ሣሩ ስለተጠበቀ ግን ፍልፈሉ ኖረ፤ ፍልፈሉ ስለኖረ ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ አለ፤ ጭላዳውም አለ።

ይህ ጥበብ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። እርሻው አገሩን ሁሉ ሲወርስ ዝግባው፣ ወይራውና ጥዱ ተሸሽገው የቀሩት በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነው። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል የምናየው እዚያው ነው። በዛፎቹ ጥላ ሥር ቅኔ የቆጠራችሁ አባቶች ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን አጸድ ደሴት ነው፤ ዙሪያው ሲራቆት እርሱም ከዳር ከዳር ይሸረፋል። ካቡ የፈረሰበት አጸድ ከብት እየገባበት አዲስ ችግኝ አያበቅልም።

ጨፌዎቻችንም እንዲሁ ናቸው። በባሕር ዳር አቅራቢያ ጭምባ ላይ፣ አናቱ ላይ አክሊል የመሰለ ወርቃማ ላባ ያለው ባለ ረጅም እግር ወፍ አለ። ጎጆውን የሚሠራው በውኃ በተከበበ ሣር መካከል ነው። ጨፌው ተንጣፍፎ ከታረሰ፣ ወይም ምንጩ ዳር ባሕር ዛፍ ከተተከለ፣ ወፉ የሚያርፍበት ያጣል። ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይሁንና ሌላ አገር የማይገኙት ዓሦቹ ክረምት ላይ ሊራቡ ወደ ወንዝ ሲወጡ በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል። እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች ዓሣ የመጪውን ዓመት ገበያ ይዛ ነው የምትሄደው።

ቀይ ቀበሮ ወደ ጮቄ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። ረጅሙ የደጋ ተክል ጅብራ፣ አስታውና የቀረው ጓሳ ግን በእጃችን ናቸው። ወንዞቻችን ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ የሚነሡትም ከዚያው ተራራ ነው።

ስለዚህ ከምሳ በፊት ሦስት ጉዳዮች ላይ እንድንወስን እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ከቢቡኝና ከሲናን ሽማግሌዎች ጋር ሆነን በየዓመቱ የሚዘጋና የሚከፈት የጓሳ መሬት መለየት ነው፤ ወሰኑን የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ ቅድሚያ ለእነርሱ ይሰጥልኝ። ሁለተኛው የችግኝ ጣቢያችን ከባሕር ዛፍ ወደ ኮሶ፣ ወይራና ዝግባ እንዲዞር ነው። ሦስተኛው ለፈረሱ የአጸድ ካቦች ድንጋይ የምናመላልስበትን ቀን መቁረጥ ነው፤ እኔ ሁለት አህያዎቼን ይዤ እመጣለሁ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ተዘጋጅተዋል። መድረኩ የቢቡኝ አባቶች ነው፤ ጉባኤው ተከፍቷል።