አፈራችንን ሸሽታ የተቆረቆረች ከተማ

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እስክንድርያ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ጳጳስ ነው። አይፈረድብንም። ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም የኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ሾሞ ከላከልን ወዲህ ጳጳስ ስናስመጣ የኖርነው ከዚያው መንበር ነው። ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ያየነው በ1951 ዓ.ም. ነው፤ ከ1,600 ዓመት በኋላ ማለት ነው! እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ መንበሩ ሳይሆን ስለ ወደቡ ነው። በተለይ ስለ ጭቃ።

አትሳቁ። ጭቃው የኛው ነው።

ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ከግንዱ ይልቅ አፈሩ ይብሳል። ክረምት በገባ ቁጥር ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ጠርጎ የሚወስደው ደለል ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራንያን ውስጥ ይደፋ ነበር። ባሕሩ ደግሞ በዚያ ዳርቻ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚገፋ ደለሉን ይዞት ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ከተማዋን የቆረቆራት ከወንዙ አፎች በስተ ምዕራብ ነው። አውቆም ይሁን ቀንቶት፣ ወደቡ ከአፈሩ አመለጠ።

ከፊት ለፊቷ ፋሮስ የምትባል ደሴት ነበረች። 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የድንጋይ መንገድ ባሕር ውስጥ ሠርተው ከየብስ አገናኟት፤ በግራና በቀኝ ሁለት ወደብ ተገኘ። ያ መንገድ አሸዋ እየለበሰ ሰፍቶ ዛሬ ሰፈር ቆሞበታል። ደሴቷ ጫፍ ላይ 100 ሜትር ገደማ የሚሆነው ዝነኛው የመርከብ መብራት ማማ ተተከለ። ጣሊያንና ፈረንሳይ እንዲህ ያለውን ማማ እስከ ዛሬ በደሴቷ ስም ነው የሚጠሩት። ሰባው ሊቃናት ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ መለሱ የሚባለውም እዚሁ ነው፤ የግእዙ ብሉያችን ደግሞ የተተረጎመው ከዚያ ግሪክ ነው። የዝነኛውን የጥንት ቤተ መጻሕፍቷን መቃጠል እዘለዋለሁ። አንድ ምሽት አይበቃውም።

ወደ ጭቃው ልመለስ። በባሕር በኩል ያመለጠችው ከተማ በጀርባዋ አላመለጠችም። የምትጠጣው ውሃ ከዓባይ በቦይ ነበር የሚመጣላት፣ ከየቤቱ ሥር በተሠራ ማጠራቀሚያ እየሞሉ ያቆዩታል፣ ሸቀጡም በዚያው ቦይ በጀልባ ይገባል። ቦዩ ግን በየጊዜው በደለል ይደፈናል። ጠንካራ ገዥ ሲመጣ ያስጠርገዋል፣ ሲደክም ይተወዋል። የዚህችን ከተማ ታሪክ በነገሥታት ከመቁጠር በቦይዋ መቁጠር ይሻላል ባይ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ ናቸው። በ7ኛው መቶ ዓመት ዐረቦች ሲይዟት ዋና ከተማነቱ ወደ ፉስጣጥ፣ የዛሬዋ ካይሮ ውስጥ ወዳለው ቦታ፣ ሄደ። ማማውን በ14ኛው መቶ ዓመት የምድር መንቀጥቀጥ ጨረሰው፤ በ1470ዎቹ ሱልጣን ቃይትባይ እዚያው ላይ ምሽግ ሠራ። ናፖሊዮን በ1798 ሲደርስ ያገኘው ጥቂት ሺህ ሰው የቀረባትን ደካማ ከተማ ነው።

ታዲያ ምን አነሣት? ቦይ ነዋ! የግብጹ ገዥ መሐመድ አሊ (ጉንደትና ጉራዕ ላይ ጦር የላከብን የኢስማኤል አያት) ገበሬውን አስገድዶ በ1820 የመሕሙዲያን ቦይ አስጨረሰ። ብዙ ሺህ ሰው አልቆበታል፣ ይህ ሲነገር ብዙ አልሰማም። ጥጡ በዚያ ወረደ፣ ግሪኩም ጣሊያኑም አርመኑም ተከተለ፣ በ1882 እንግሊዝ በመድፍ ቢያፈርሳትም በ1897 ቆጠራ ከ300 ሺህ ሰው በላይ ነበራት። የግብጹ መሪ ናስር የስዊዝን ካናል መውረሱን ያወጀው በ1956 እዚያው እስክንድርያ፣ አደባባይ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የውጭው ሰው በብዛት ለቀቀ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ እዚያ ከግድቡ ጀርባ ይቀራል። ባሕሩ ዳርቻውን መብላት ጀመረ። ከቃይትባይ ምሽግ ሥር የሲሚንቶ ብሎክ ተደርድሯል፣ ማዕበሉን እንዲመልስ።

ይኸው ነው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የሚጠይቀኝ ግን ቡና ይጋብዘኛል።