እግዚአብሔርና ሌላም ነገር

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ስለ ታማኝነት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን የካደ ሰው ነው። እምነቱን ጥሎ የሄደ፣ ከጉባኤ የቀረ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ እሱ አይደለም። ስለማይቀሩት ነው። ስለ እኛ ማለቴ ነው።

ሰሎሞንን እንይ። ቤተ መቅደሱን የሠራው እሱ ነው፤ 7 ዓመት ፈጅቶበታል። (የራሱ ቤት ደግሞ 13 ዓመት ፈጀ። ይህን ልብ በሉልኝና እንለፍ።) በየዓመቱ ሦስት ጊዜ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። እግዚአብሔር ሁለት ጊዜ ተገልጦለታል። ታዲያ ይህ ሰው እንዴት ወደቀ? አንድ ቀን ተነስቶ "ከዛሬ ጀምሮ እግዚአብሔርን ትቻለሁ" እንዳለ የትም አልተጻፈም። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 11 የሚነግረን በሸመገለ ጊዜ ልቡ እንዳዘነበለ ነው። ቤተ መቅደሱ እዚያው ቆሟል። እሱ ግን በኢየሩሳሌም ፊት ለፊት ባለው ተራራ ላይ ካሞሽ ለሚባለው ጣዖት መስገጃ ሠራ። አምልኮውን አልሰረዘም። ሌላ ጨመረበት።

እኛም የምንጨምረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ወደ ታላቁ እራት የተጠሩትን ሰዎች አስታውሱ። አንዱ መሬት ገዝቻለሁ አለ። ሌላው አምስት ጥማድ በሬ ገዝቻለሁ፣ ልፈትናቸው ነው አለ። ሦስተኛው ሚስት አግብቻለሁ አለ። "ልሰርቅ ስለሆነ አልመጣም" ያለ የለም። መሬት መግዛት ኃጢአት ነው እንዴ? ማግባትስ? ሁሉም "እንኳን ደስ አለህ" የሚያስብል ነው። አደጋው የማይታየንም ለዚህ ነው። በመጥፎ ምኞት ንስሐ እንገባለን። በጥሩ ምኞት ግን ማን ንስሐ ይገባል?

ማታ ልንጸልይ እንንበረከካለን። ስልኩ አጠገባችን ነው፣ ስክሪኑ ወደ ላይ። "አባታችን ሆይ" ብለን ሳንጨርስ ብልጭ ይላል። የአለቃችን መልእክት ይሆን? አፋችን "ፈቃድህ ይሁን" ይላል፣ አውራ ጣታችን መልስ ይጽፋል። ከዚህ የባሰም አለ። ውሳኔውን ወስነን፣ ውሉን ፈርመን ከጨረስን በኋላ "ጌታ ሆይ፣ ምራኝ" እንላለን። ይሄ ምሪት መጠየቅ ሳይሆን ማኅተም ማስመታት ነው።

ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳንል ዳንኤል አለ። በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ሦስት አለቆች አንዱ ነበር። ከንጉሡ በቀር ማንንም አትለምኑ የሚለው አዋጅ ለ30 ቀን ብቻ ነው። አንድ ወር! መስኮቱን ዘግቶ በልቡ ቢጸልይ ማን ያውቅበታል? እሱ ግን ቤቱ ገብቶ በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረው። የአንበሶቹን ጉድጓድ ልጆች እንኳ ያውቁታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ዳንኤል አዋጁ በወጣ ቀን ድንገት ጀግና አልሆነም። አዋጅ በሌለበት፣ ማንም በማያየው ተራ ቀን የለመደውን ነው ያደረገው።

ፍላጎታችሁን ግደሉ እያልኩ አይደለም። ጌታም እንዲህ አላለም። ይህ ሁሉ እንደሚያስፈልጋችሁ አባታችሁ ያውቃል ካለ በኋላ፣ "አስቀድማችሁ የእግዚአብሔርን መንግሥት ጽድቁንም ፈልጉ" አለ። ነገሩ የቅደም ተከተል ነው። የቱ እንደሚቀድም የሚታወቀው ደግሞ ሲጋጩ ነው። ዕድገቱ አንዲት ትንሽ ውሸት ሲጠይቅ። የምንወደው ሰው "እኔን ወይ እምነትህን" ሲለን። ካልተጋጩማ ሁላችንም ታማኝ ነን።

አሁን ከመነሳታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ዝም እንበል። ኃጢአታችሁን አትቁጠሩ፤ ለእሱ ሌላ ጊዜ አለን። "ጌታ ሆይ፣ ይቺን ብቻ አትንካብኝ" የምትሉትን ነገር በስሙ ጥሩና በፊቱ አስቀምጡት። ለማንም መናገር የለባችሁም። ከዚያ አብረን እንጸልያለን።