«በሞቴ» ከማለታችን በፊት

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የእድራችን አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ። ሰብሳቢያችን ጊዜ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ቀጥታ ልግባ። ባለፈው ጥር፣ ለጥምቀት ከውጭ የመጣች አንዲት እህታችን እዚሁ ደብረ ብርሃን ፋርማሲዬ ገባች። የራስ ምታት ክኒን ፈልጋ ነው። ማጅራቷን ይዛለች፣ ላብ አጥምቋታል። ግፊቷን ስለካው ክው አልኩ። ምን እንደምትወስድ ስጠይቃት ፌነልዚን የሚባል የድባቴ መድኃኒት መሆኑን በሹክሹክታ ነገረችኝ። ሐኪሟ ጠላ እንዳትቀምስ አስጠንቅቋታል፤ እሷም እምቢ ብላ ነበር፤ ግን ዘመድ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለ ሲለምናት፣ የድባቴ መድኃኒት እወስዳለሁ ማለቱ አሳፍሯት ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። ሆስፒታል ይዘናት ሮጥን። ተርፋለች፣ ተመስገን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምግብ ሲቦካና ሲቆይ ታይራሚን የሚባል ነገር ይበዛበታል። ሌላ ጊዜ አንጀታችንና ጉበታችን ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሰባብሮ ያስወግደዋል። ፌነልዚንና እንደሱ ያሉት የድባቴ መድኃኒቶች፣ ትራኒልሳይፕሮሚንና አይሶካርቦክሳዚድ ግን ይህንን ኢንዛይም ያስሩታል፤ ድባቴውን የሚያሽሉትም በዚሁ ሥራቸው ነው። ያኔ ታይራሚኑ ደም ውስጥ ገብቶ ኖርአድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ያስለቅቃል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ያሻቅባል፤ አንጎል ውስጥ ደም እስከማፍሰስ ሊደርስ ይችላል። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር አንድ ፋርማሲስት የዚህን ዓይነት መድኃኒት የምትወስድ ሚስቱን አይብ ስትበላ ራሷን እንደሚያማት አስተውሎ ለሐኪሞች ጽፎ ነበር። ፋርማሲስት ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ።

እኛ ጓዳ ውስጥ የሚያሰጋው የቤት ጠላ፣ የከረመ አይብ፣ የቆየ ቋንጣ፣ እንደ ስልጆ ያለ ቦክቶ የሰነበተ ነገር ነው። የባቄላ እሸትም ከነሽፋኑ ሲበላ በሌላ መንገድ ግፊት ያነሳል። አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖችም እንዲሁ። ደግሞ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ጥንቃቄው ሁለት ሳምንት ይቀጥላል።

አትደንግጡ። እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ይህ የምግብ ጣጣ የለባቸውም፤ ስለዚህ ማንም ተነስቶ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ አደራ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ግን ያንኑ ኢንዛይም በመጠኑ ስለሚያስር፣ እሱን የሚወስድ ሰው ስለ ምግቡ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እንግዳ «አልጠጣም» ካለ ለምን አንበለው፤ ውኃ እንስጠው። ለብቻው ሊያማክረኝ የሚፈልግ ደግሞ የክኒን ካርቶኑን ይዞ ይምጣ፤ ከፋርማሲው ጀርባ ሰው የማይሰማበት ክፍል አለኝ።