የአባዬ ሐሞት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባሕር ዳር ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀጠው ነው። ድምፁ ከገባባችሁ ታገሡኝ። ዛሬ ካላወራሁት ሌላ ቀን አቅሙን የማገኝ አይመስለኝም።

ስለ አባዬ ነው። ስለ ሐሞት ቱቦና ስለ ጉበት ካንሰር።

አባዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ሰፈሩ ውስጥ "ሐሞተ ኮስታራ" ይሉታል። አማርኛችን ድፍረትን ያስቀመጠው ሐሞት ውስጥ ነው። የፈራ ሰው ሐሞቱ ፈሰሰ ይባላል፣ ወኔ የሌለው ሐሞተ ቢስ ይባላል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በሽታው የጀመረው በማሳከክ ነው። ቀን ደህና ይውላል፣ ሌሊት ግን እንቅልፍ የለም። እግሩን፣ ጀርባውን፣ መዳፉን ሳይቀር ያክካል። እማዬ ሳሙና ቀየረች፣ አንሶላ ቀቀለች፣ ቅባት ገዛች። አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ብነሳ ሳሎን ውስጥ መብራት ሳያበራ ተቀምጦ አገኘሁት። እጁ ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይዟል። በእሱ ባቱን ይፈትገዋል። ባቱ ደምቷል። "ተኚ ልጄ፣ ምንም አይደለም" አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ዓይኑ እርድ መሰለ። ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቆረ። ሰገራው ደግሞ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር፣ ይህንን ግን ለማንም አልተናገረም። ስለ ሰገራው የሚያወራ ማን አለ? ሐኪም ፊት እስክንደርስ ድረስ እማዬም አልሰማችም።

ጎረቤቱ ሁሉ "ወፍ ነው" አለ። ታውቁታላችሁ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ የወፍ በሽታ ነው፣ አለቀ። መድኃኒት አዋቂ ተፈልጎ ስሚዛ ተቀጥቅጦ መጣ፣ ጠጣ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ ወጋው። በዚህ መሐል አምስት ሳምንት ሄደ። ስሚዛውን ያመጡልን ሰዎች ከልባቸው ነው ያመጡት፣ አልቀየምም። አምስቱ ሳምንት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቢጫ ዓይን የበሽታ ስም አይደለም። ከኋላው የጉበት ቫይረስ ሊኖር ይችላል። የሐሞት ጠጠር ሊኖር ይችላል። ዕጢም ሊኖር ይችላል። በዓይን አይለዩም። የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ሲደረግ ነው መለየት የሚጀምረው።

አንዲት ሐኪም ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። እኔ ግን የገባኝ በጣና ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ፣ ሁሉም ወደ ጣና ይገባሉ። የሚወጣው ግን አንድ ዓባይ ነው። ጉበት የሚሠራው ሐሞትም በጥቃቅን ቱቦዎች ይጀምርና እየተገናኘ ይመጣል። ከቀኝ አንድ፣ ከግራ አንድ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱ ይጋጠማሉ፣ አንድ ሆነው ወደ አንጀት ይወርዳሉ። የአባዬ ዕጢ የበቀለው እዚያ መጋጠሚያው ላይ ነው። ሐኪሞች ክላትስኪን ይሉታል፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ በጻፈው አሜሪካዊ ሐኪም ስም። ዕጢው ትንሽ ነው። የዘጋው ግን የዓባይን በር ነው። ሐሞቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ደም ይመለሳል። ዓይን የሚያቀላው፣ ይቅርታ፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው፣ ሽንት የሚያጠቁረው እሱ ነው። ቆዳም ያሳክካል። ሰገራን የሚያቀልመው ሐሞት ስለሆነ እሱ ሳይደርስ ሲቀር ሰገራ ይነጣል። ያ የበቆሎ ቆረቆንዳ ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሰዎች "አሳ ስለሚወድ ነው?" ይሉኛል። በታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጥሬ የወንዝ አሳ የሚበሉ ሰዎች ሐሞት ቱቦ ውስጥ የሚገባ ትል አለ፣ ለዚህ ካንሰር ይዳርጋል። ያ ትል የደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። አባዬ ደግሞ አሳ የሚበላው ጠብሶ ነው። በብዙ ሕመምተኛ ላይ ይህ ነው የሚባል ምክንያት አይገኝም፣ በእሱም አልተገኘም።

ሆስፒታል ውስጥ ከአባዬ ጎን የተኛው ልጅ ግን ሌላ ነበር። ከፎገራ በኩል የመጣ የ34 ዓመት ገበሬ። የእሱ ካንሰር የጉበቱ የራሱ ነው፣ ከቱቦው አይደለም። ዓይኑ ቢጫ አልነበረም። በቀኝ ጎኑ ከጎድኑ ሥር ይጎረብጠዋል፣ ከስቷል፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሯል። ከኋላው ያለው ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ነው። ሲወለድ ከእናቱ የወሰደው ሳይሆን አይቀርም አለች ሐኪሟ። ጨቅላ ሆነው ከሚያዙ 10 ልጆች በ9ኙ ቫይረሱ አይለቅም። በአዋቂነት ከተያዙት ግን ከ20 አንዱ ላይ እንኳ አይቆይም። ዝም ብሎ ዓመታት ይቀመጣል፣ ጉበትን ያጠባስሳል። ስለ ጎተራውም ጠየቀችው። ሳይደርቅ የገባ በቆሎና ኦቾሎኒ ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ማብሰል ብቻውን አያጠፋውም። ቫይረሱ ላለበት ሰው ይህ መርዝ እሳት ላይ ጋዝ ነው።

ዕጢው አንድና ትንሽ ቢሆን ኖሮ መቁረጥ ይቻል ነበር። ጉበት ተቆርጦ ተመልሶ የሚያድግ አካል ነው። የእሱ ግን ብዙ ቦታ ነበር። የጉበት ዕጢ ደሙን በአብዛኛው የሚጠጣው በአንዱ ደም ቅዳ በኩል ስለሆነ፣ መድኃኒቱን በዚያው አስገብቶ ደም ቅዳውን መድፈን የሚባል ሕክምና አለ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሶራፌኒብ የሚባል ክኒን አለ። ለልጁ የትኛው እንደደረሰው አላየሁም፣ እኛ ቀድመን ወጣን። ያየሁት ሁለት ወንድሞቹ ለምርመራ ደም ሲሰጡ ነው። አንደኛው ተገኘበት። ጉበቱ ገና ደህና ነው፣ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ እየታየ እንዲከታተል ተነገረው። ኮሪደር ላይ ቆሞ አለቀሰ። እኔ ግን ስለ እሱ በጣም ደስ አለኝ።

በማግሥቱ እኔም ተመረመርኩ። ነፃ ነሽ ተባልኩ፣ ክትባቱን በ6 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ወሰድኩ። በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አላገኘነውም። እርጉዝ የሆናችሁ እህቶቼ፣ ክትትል ስትሄዱ ምርመራውን ጠይቁ። ቫይረሱ ካለባችሁ ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት። የ6 ሳምንቱን ክትባት መጠበቅ ያረፍዳል።

ወደ አባዬ ልመለስ። ዕጢው የደም ሥሮቹን ስለያዘ ቀዶ ሕክምና አይሆንም ተባለ። እኔና ወንድሜ ለእሱ ላለመንገር ተስማማን። "ሰው ሲሰማ ነው የሚሞተው" አለች አክስቴ። እኛም "የሐሞት መዘጋት ነው" አልነው። ውሸት አይደለም። ግን ሙሉ እውነት አይደለም፣ እሱም ዓይኔን ያየኝ ነበር።

አዲስ አበባ በአውሮፕላን ወሰድነው። በጎኑ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሐሞቱን ወደ ውጭ አወጡለት። ከአልጋው ጫፍ ከረጢት ተንጠለጠለ። ወደ ቡኒ የሚወስደው አረንጓዴ ፈሳሽ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አባዬ ረጅም ጊዜ ዓይኑን ከረጢቱ ላይ ተክሎ ቆየና "ይኸው፣ ሐሞቴ ፈሰሰ" አለ። ማንም አልመለሰለትም። በአራተኛው ሌሊት ማከኩን ተወ። እስከ ንጋት ተኛ፣ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ ሲተነፍስ እያዳመጥኩ አነጋሁ። ሲነቃ "ለካ ሐሞት ሲፈስ ነው ሰው የሚተኛው" አለኝ።

ያ ቱቦ ካንሰሩን አልነካውም። ግን እንቅልፉን መለሰለት። ቢጫው ሲቀንስ ደግሞ ኬሞ፣ የካንሰሩን መድኃኒት፣ ለመጀመር ተቻለ። "ካላዳነው ምን ያደርጋል?" የሚሉ ዘመዶች ነበሩን። እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም።

ከተመለስን በኋላ አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር ካሉት አሳ ቤቶች ወሰድኩት። ተቀምጠን፣ ታንኳ የሚቀዝፍ ልጅ እያየ፣ "ስሙን ንገሪኝ" አለኝ።

"የምኑን?"

"የምኑን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።"

ነገርኩት። ካንሰር ነው አልኩት። የት እንደሆነ፣ ለምን እንደማይቆረጥ ነገርኩት። ስንት ጊዜ አለኝ ብሎ ጠየቀ። ጄምሲታቢንና ሲስፕላቲን ስለሚባሉት ሁለት የኬሞ መድኃኒቶች ያነበብኩትን አልደበቅሁትም። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ጄምሲታቢንን ብቻ የወሰዱት በመካከለኛ ግምት 8 ወር፣ ሁለቱን የወሰዱት 12 ወር ገደማ ኖረዋል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዱርቫሉማብ የሚባል ሦስተኛ እንደሚጨመርበትም ነገርኩት፣ ዋጋው ከእኛ አቅም በላይ እንደሆነም። በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ወራት ቆጠረ። "ፋሲካን አያለሁ" አለ። አየ። ከፋሲካም በኋላ ሁለት ወር ቆየ።

የዚያን ቀን እሑድ ግን ሌላ ምንም አላለም። አሳው መጣ፣ ሙሉው፣ ተጠብሶ። ወደ ራሱ ሳበውና እንደ ልጅነቴ ጊዜ አጥንቱን እየለቀመ፣ ሥጋውን ወደ እኔ በኩል ይገፋልኝ ጀመር።