ጀልባው መሬት ይዟል፤ አሸንዳው ግን የለም

የጓሮ አትክልት ማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ የቁጥጥር ኮሚቴዎች፣ ከወረዳ የመጡት እንግዳችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የእሁድ እንቅልፋችሁን ትታችሁ በመገኘታችሁ አመሰግናለሁ። ወንበርና ድንኳን ላዋሰን እድራችንም ምስጋና ይድረሰው። ቡናው እየተቆላ ነው። ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃ፤ የማወራው ብዙ ነው።

የዓመቱን ሥራ ባጭሩ ልበል። ሁለት የኮምፖስት ጉድጓድ ቆፍረናል። በዓቢይ ጾም ጎመንና ቆስጣ ከደጃችን ቆርጠን በልተናል። አንድ አካፋና ሁለት መኮትኮቻ ገዝተናል። አንዱ መኮትኮቻ ጠፍቷል፤ የወሰደው ሰው ማታ ማታ መጥቶ በር ላይ ቢያስቀምጥልን ማንም አይጠይቀውም። ከተከልናቸው 12 የአቮካዶ ችግኞች 4ቱ ጸድቀዋል። 8ቱ የደረቁት በጥርና በየካቲት፣ ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበትና ፈረቃውም ሌሊት በሆነበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወደ ጀልባው እንምጣ።

አትሳቁ። ስሙን ያወጣችሁለት እናንተው ናችሁ። "የሰብሳቢዋ ጀልባ" ሲባል የምሰማ አይመስላችሁም? ልጆቹም ይሉታል፤ ከማን እንደሰሙት አውቃለሁ።

አዲስ ለገባችሁ አባላት ልንገራችሁ። አምና የዝናብ ውሃ አጠራቅመን በበጋ አትክልት እናጠጣበት ብለን 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ገዛን። ከመሬት በላይ እናቁመው ሲባል ቦታ የለም፤ መኪና ማቆሚያውን ይይዛል ተባለ። ስለዚህ እንቅበረው አልን። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ቸኮልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ሐምሌ ላይ ጉድጓዱን አስቆፍረን ባዶውን ሮቶ አስገባን። ዙሪያውን ነገ እንሞላዋለን ብለን ገባን።

ሌሊቱን ዘነበ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጥበቃችን በሬን አንኳኳ።

"እትዬ፣ ሮቶው ወጥቷል።"

"ወዴት?"

"ወደ ላይ።"

ጋቢዬን ደርቤ በላስቲክ ጫማ ወረድኩ። ጉድጓዱ አፉ ድረስ ጭቃ ውሃ ሞልቷል። ሮቶው ጎኑን ሰጥቶ ይንሳፈፋል። የገጠምንለት ቱቦ እንደ ብስኩት ተሰብሯል። አንድ ልጅ ከበረንዳ ላይ "ጀልባ! ጀልባ!" እያለ ያጨበጭባል።

በኋላ አንድ መሐንዲስ አባላችን እንዳስረዱን፣ ባዶ ሮቶ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ በሚይዘው ውሃ ልክ ወደ ላይ ይገፋል። የኛው ሲሞላ 10 ቶን የሚመዝን ነው። ባዶውን ግን ጥቂት ሰዎች አንስተው ነው ጉድጓድ ያስገቡት። እንዴት ይቀመጥ? ዙሪያው እየተሞላ ውስጡም አብሮ ውሃ እየተሞላ ነው መውረድ የነበረበት። ሌላም አለ። የኛ መሬት ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ላይ እንዲቆም የተሠራ ሮቶ እንዲሁ ቢቀበር አፈሩ ግድግዳውን ጨምድዶ ያስገባዋል።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ እንደገና ጀመርን። ጉድጓዱን አሰፋን። ዙሪያውን በግንብ ደገፍን፤ በግንቡና በሮቶው መካከል ጥቁሩን አፈር ሳይሆን አሸዋ አስገባን፤ ከግንቡ ውጭ ያለውን በገረጋንቲ ሞላን። ከላይ ብረት ያለው የኮንክሪት ሶሌታ ተሞላ። ክዳኑ በቁልፍ ነው፤ ልጆች ስላሉን። ውሃ የሚገባበት ላይ ወንፊት አለ። ከሱ በፊት ደግሞ ጫፉ የሚከፈት ቱቦ አለ፤ የመጀመሪያውን ዝናብ፣ አቧራና የእርግብ ኩስ ያለበትን፣ እዚያው አስቀርቶ ንጹሑን ያሳልፋል። ሲሞላ የሚፈስበት ወደ ቦዩ ነው። ዲናሞውም ተገጥሟል። ይህን ሥራ አይቼ ኮርቻለሁ። ጅጅጋ ያደጉ አንድ አባላችን መጥተው አዩና "ይሄማ የኛ ብርካ ነው" አሉ። በሶማሌ ክልል ከድሮ ጀምሮ መሬት ቆፍረው፣ በሲሚንቶ ለስነው የዝናብ ውሃ ይይዛሉ። እኛ ብርቅ አደረግነው እንጂ አዲስ ነገር አይደለም።

ጀልባው መሬት ይዟል ማለት ነው። ግን ባዶ ነው።

ትናንት ክዳኑን ከፍቼ የመጥረጊያ እንጨት አስገባሁ። ሳወጣው ከሥሩ ስንዝር የማይሞላ ነው የረጠበው። የበልጉ ዝናብ ሁሉ መጥቶ ሄዶ አንድ ስንዝር! ለምን ቢባል፣ ውሃ የሚያስገባለት የመሣሪያ ማስቀመጫዋ ጣሪያ ብቻ ነው። እሷ 12 ካሬ ናት። የብሎካችን ጣሪያ በአትክልቱ በኩል ያለው 180 ካሬ ነው፤ አሸንዳ ግን የለውም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። በ180 ካሬ ስታባዙት ከ200 ሺህ ሊትር ይበልጣል። ግማሹ ባክኖ ቢቀር እንኳ ሮቶውን አሥር ጊዜ ይሞላዋል። ይህ ሁሉ ደረጃችን ሥር ወርዶ ጭቃ ያቦካና ወደ ቦይ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ከለገዳዲ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት የመጣውን ውሃ ሌሊት ተነስተን ለጎመን እናጠጣለን።

"10,000 ሊትር በጋውን አይዘልቅም" ያላችሁኝ አላችሁ። እውነት ነው። በጎማ ከለቀቅነው ሁለት ሳምንት አይሞላም። በማጠጫ ባልዲ፣ ለችግኝና ለመደብ ብቻ፣ ቧንቧ በማይመጣባቸው ቀናት ካጠጣን ግን ብዙ ያሻግረናል። ከዚያ በልግ ይመጣል፤ እንደገና ይሞላል። ግን አሸንዳ ሲኖር ነው።

የአሸንዳው ነገር ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። በመጀመሪያ ላይኛው ፎቅ ያሉት ጋሼ "ቆርቆሮዬን በስታችሁ ልታፈስሱብኝ ነው" ብለው ተቃወሙ። ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ከዚያ ቤታቸው ወጣሁ። ቡና አፈሉልኝ። ቆርቆሮው ሳይነካ፣ ሥሩ ባለው ጣውላ ላይ ይመታ ተባብለን ተስማማን። ይኸው ዛሬ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መዋጯቸውንም ጨርሰዋል። እግዜር ይስጥልን ጋሼ።

ከሚቃወመኝ ሰው ጋር ቡና ጠጥቼ እስማማለሁ። ከማይመጣው ጋር ግን ምን ልሁን?

አባላት 38 ነን። አምና በዚሁ ድንኳን፣ በእጅ ብልጫ፣ በነፍስ ወከፍ 2,500 ብር በሁለት ዙር ለማዋጣት ወስነናል። ሁለተኛውን ዙር 17 ሰው አልከፈለም። 21,250 ብር ነው። አሸንዳውን፣ ቱቦውን፣ የሠራተኛውን ሒሳብ አስጠይቀናል፤ ይህ ገንዘብ ይበቃዋል። ለቡናም ይተርፋል።

የቸገረው ሰው አለ፤ እሱን አልወቅስም። ሦስት ሰዎች መጥተው በጉልበት እንክፈል ብለውኛል፤ ጉድጓዱን ያሰፉት እነሱ ናቸው። የምናገረው ሌላውን ነው። ስም አልጠራም። የባዶ ወንበሩን ቁጥር ግን ሁላችሁም ታዩታላችሁ። በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የሮቶውን ፎቶ ስለጥፍ አውራ ጣት ያነሳችሁ ሁሉ፣ አውራ ጣት አሸንዳ አይገዛም። በሁዳዴ ደውለህ "ጎመኑ ደረሰ ወይ?" ያልከኝ አንድ ወንድሜም፣ አዎ፣ ደርሶ ነበር፤ ሁለት ፌስታል ወስደሃል። ዛሬ ግን "መንገድ ላይ ነኝ" ካልክ ሁለት ሰዓት ሆነህ። አጠገቡ የምትኖሩ ንገሩልኝ። በሽሙጥ ሳይሆን በደህና ቃል ንገሩት፤ ልጁ ጥሩ ልጅ ነው።

አሁን ግንቦት ነው። ሰኔ ሲገባ ጣሪያ ላይ ሰው አናወጣም፤ ያንሸራትታል፤ መብረቅም አለ። ያለን ጊዜ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቅዳሜ ነው። ስለዚህ የዛሬው የመጀመሪያ አጀንዳ አሸንዳ ነው። ምርጫው ከሱ በኋላ ይሆናል። ሰብሳቢነቱን የሚፈልግ ካለም እኔ ቅር አይለኝም፤ ጀልባውን አብሬ አስረክባለሁ።

የመዋጮው መዝገብ ገንዘብ ያዧ ጋ ነው። ቅዳሜ ለሥራ የምትወጡ ስማችሁን በሰማያዊው ደብተር ላይ ጻፉ። ረጅሙን መሰላል ከጎረቤት ግቢ ተውሰናል፤ የሰጡን እስከ ቀጣዩ ሰኞ ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል።