ከወጥ ቤት የሚሰማ ድራማ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬም ድምፄን የምቀዳው ቁም ሳጥኔ ሥር፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው። ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ ከመሸ በኋላ ጸጥ ይላል ብለው የነገሩኝ ሰዎች ወይ እዚህ አድረው አያውቁም፣ ወይ እንቅልፋቸው ከባድ ነው። ውሾቹ አሉ፣ ወደ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚገቡት ከባድ መኪናዎች አሉ፣ ከላይኛው ፎቅ ደግሞ የጎረቤት ቴሌቪዥን አለ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ቴሌቪዥን ነው።

አስቀድሜ ልናዘዝ። አንድም ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍል ተቀምጬ ጨርሼ አላውቅም። ከሥራ ስገባ ድራማው ተጋምሷል። ከዚያ ደግሞ እንጀራ አለ። ቴሌቪዥኑ ሳሎን፣ እኔ ወጥ ቤት። የኮንዶሚኒየም ነገር ሆኖ በመካከላችን ያለው አራት እርምጃ ነው፤ ስለዚህ ድራማውን የማውቀው በአብዛኛው በጆሮዬ ነው። ሊጡን አዙሬ፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ከድኜ፣ እስኪበስል ብቅ ብዬ አያለሁ። እንፋሎቱ ሲመጣ እመለሳለሁ። እንዲህ እያልኩ ስንቱን ድራማ በእንጀራ በእንጀራ እየቆረጥኩ አይቻለሁ።

እናቴ ግን እውነተኛዋ ተመልካች ናት። በ2012 የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ሳተላይት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ቤታችን ሐዘን ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው፣ አዲሱ በምሥራቅ 57፤ እናም ዕድሜውን ሁሉ ወደ ምዕራብ ሲያይ የኖረው ዲሻችን ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማይ ሰማይ ማየት ነበረበት። አንድ እሑድ ወንድሜ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ እኔ መስኮት ላይ ቆምኩ፣ እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። እሷ «መጣ!» ስትል እኔ ወደ ላይ «መጣ!» እላለሁ፤ የእኔ ድምፅ ጣሪያ እስኪደርስ ወንድሜ ትንሽ ገፋ አድርጎት ጠፍቷል። ከፊት ለፊታችን ካሉት ብሎኮችም ያው «መጣ፣ ጠፋ» ይሰማል። አንዳንዴ የሌላ ቤት «መጣ» ወንድሜን ያሳስተው ነበር። ምስሉ በመጨረሻ ሲረጋ የታየው የፍራሽ ማስታወቂያ ነው። እናቴ እሱንም እስከ መጨረሻው አየችው።

በጆሮ መስማት ያስተማረኝ ነገር አለ። ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የለበሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ በ2008 ሲጀምር የሀገር ውስጥ ባለሙያዎች አምርረው ተቃውመው ነበር። የባዕድ ድራማ ገበያውን ይወስዳል፣ ልጆችን ያበላሻል ተባለ። ስለ ገበያው ሥጋታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ከወጥ ቤት ሆኜ ሌላ ነገር እሰማ ነበር። ድምፅ የሚያለብሱት ሰዎች ፊታቸው ስለማይታይ ያላቸው መሣሪያ ድምፃቸው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይናገራሉ፣ አጥርተው ይናገራሉ። የቱርኩ «ጥቁር ፍቅር» ሲታይ ፖሊሱ ኦሜር ኤሊፍን መጀመሪያ ላይ ይጠረጥራታል። እጮኛው ከኤሊፍ አባት ጋር አንድ መኪና ውስጥ ተገድላ ተገኝታለች፤ እንዴት አይጠርጥር? እኔ ቱርክኛ አላውቅም፣ የመጀመሪያዎቹንም ክፍሎች አላየሁም። ግን እንዲህ ባለ ድራማ ውስጥ «እርስዎ» ወደ «አንቺ» የሚዞርበትን ቦታ ከምጣዱ ሥር ሆኜ እሰማዋለሁ። እናቴ ያኔ ትንሽ ትስቃለች። «አለቀላቸው» ትላለች። አበባም፣ ባሕር ዳርቻም፣ ቫዮሊንም ገና አልመጣም፤ አንድ ተውላጠ ስም ነው የተቀየረው። ከመተቃቀፉ ይልቅ እሱ ይበልጥብኛል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። እዚያ ቱርክ ሀገራቸው የአንዱ ክፍል ርዝመት ከ2 ሰዓት በላይ ነው፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል። ስለዚህ ሰውየው ደረጃ እየወጣ እያለ ያልቃል። ነገም ደረጃ ላይ ነው።

የእኛዎቹስ? እዚህ ላይ እከፋለሁ፣ ምክንያቱም እወዳቸዋለሁ። ከወጥ ቤት ሆኜ ስሰማ ብዙዎቹ ድራማዎቻችን ስልክ ናቸው። «ሄሎ... ምን?... መቼ?... እሺ።» ከዚያ ረጅም ሙዚቃ። ወጥቼ ሳይ ሰውየው የቆዳ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ሌላው ገጸ ባሕርይ ማቀዝቀዣ ከፍቶ የጭማቂ ጠርሙስ አወጣ፤ ጽሑፉ ወደ እኛ እንዲዞር አድርጎ ይዞታል፣ ሰው ጭማቂ ሲጠጣ እንደዚያ ይዞ አያውቅም። የቢራ ማስታወቂያ በ2011 ከተከለከለ ወዲህ የአፓርታማ ማስታወቂያው ብዛትማ አይነሣ፤ ድራማው ቪላ ውስጥ፣ ማስታወቂያው አፓርታማ ውስጥ። ጀሪካን የሚደረድር ሰው የለም። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር፣ ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቅ ጀግና፣ የኮሪደር መብራት ማን ይክፈል ብሎ የሚጣላ ብሎክ የት ሄደ? እኔ እዚህ ብሎክ ውስጥ ብቻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ክፍል የሚሆን ጠብ ሰምቻለሁ፣ ያውም በነፃ።

በ2014 በአርትስ ቴሌቪዥን «እረኛዬ» ሲጀምር ምጣዱን አጥፍቼ የተቀመጥኩበት ምሽት ነበር፤ የገጠሩ ሰው እንደ ገጠር ሰው ሲናገር ሰማሁ። በመካከል ገብቼ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ፤ ሰላምታቸው ይናገር ነበርና። እኔ የድራማ ሚዛኔ ይኸው ነው። በመካከል ብገባ ቦታ ይሰጠኛል ወይስ አይሰጠኝም? «ቤቶች»ም በዚህ ይቀናዋል፤ አንድ ግቢ ነው፣ ስትመጣ ሁሉም እዚያው አለ።

ስለ «የቤተሰብ ጨዋታ» አጭር ልበል። ሐሳቡ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ተሰልፎ ብዙ ሰው የሚመልሰውን መልስ ይገምታል። እናቴ ሁልጊዜ ትሳሳታለች፣ ግን ትክክለኛው መልስ የእሷ ነው ትላለች። ሰው ተጠይቆ ቢሳሳት እሷ ምን ታድርግ?

አሁን ወደ ባለፈው ሳምንት። አንዱ ድራማ፣ ስሙን አልናገርም፣ ሴትየዋ ለዓመታት የደበቀችውን ነገር ለልጇ ልትናገር አፏን ከፈተች። መብራት ጠፋ። ከሁሉም ብሎክ አንድ ላይ «እንዴ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጨለማው ውስጥ ስንት ቤት ያንኑ እንደሚያይ ያወቅኩት ያኔ ነው። ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ እንደ ጥሬ ሊጥ ቀረ።

ታችኛው ፎቅ ያሉት እትዬ ግን ቴሌቪዥን የሚያበራ ባትሪ ነበራቸው። በማግሥቱ ቡና ላይ ነገሩን። ሴትየዋ እንዴት መቀነቷን እንደጨበጠች፣ ልጁ እንዴት ውኃ ቀድቶ እንደሰጣት፣ እሷም ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣ «አባትህ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ሰውዬ ነው» እንዳለችው። እናቴ አለቀሰች። እኔም ስኒዬን ይዤ ቀረሁ።

ትናንት ምሽት ያንን ክፍል በዩቲዩብ ፈልጌ አየሁት። ሴትየዋ መቀነት አልታጠቀችም። ውኃም የለም። ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ በስልክ ነው የነገረችው። ለእትዬ አልነገርኳቸውም፣ ለእናቴም አልነገርኳት። ነገም ቡና አለ።