ግቢ ውስጥ ማን ያውቅሻል?

ሰላም፣ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው፣ ታገሱኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ምደባ እንደወጣ ደወለችና «ግቢ ግን እንዴት ነው?» አለችኝ። ይሄ በስልክ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ካርድ ይጨርሳል። «ቆይ፣ ልቅዳልሽ» አልኳት። ስለዚህ ይሄ ክፍል የእሷ ነው፣ እናንተም ስሙት።

የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም። ደቡብ ነው፣ ትልቅ ነው፣ የመንግሥት ነው፣ ይበቃል። ደግሞ ጎንደር የተማረም፣ ጅማ የተማረም፣ ሐዋሳ የተማረም «ይሄማ የእኛ ግቢ ነው» ማለቱ አይቀርም።

እኔ የመጣሁት ደቡብ ወሎ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ትንሽ ስላችሁ፣ የማትሪክ ውጤት ሲመጣ ዳቦ ቤቱ ሳይቀር ስንት እንዳመጣሽ የሚያውቅባት ከተማ። ከታች ክፍል ጀምሮ ደረጃ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። እናቴን ገበያ ላይ «የጎበዟ እናት» ነበር የሚሏት። ታዲያ እንዲህ ዓይነቷ ልጅ ግቢ ስትገባ የሚገጥማት ምን መሰላችሁ? ክፍሉ በሙሉ ደረጃ የሚወጣ ነው! ከፊቷ ያለው ከትምህርት ቤቱ አንደኛ፣ ከኋላዋ ያለችው ከወረዳዋ አንደኛ። እነዚህ ሁሉ አንደኞች አንድ አዳራሽ ውስጥ ይታጨቃሉ፣ ከመሀላቸው ደግሞ የግድ መጨረሻ የሚወጣ አለ። ይሄንን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ስምሽም ይቀራል። አይዲ ቁጥር ነሽ። በእኛ ጊዜ ውጤት ዲፓርትመንት በር ላይ ነበር የሚለጠፈው። አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እየተንጠለጠለ፣ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እየጎተተ ቁጥሩን ይፈልጋል። በቁጥር የሆነው የሰው ውጤት ሰው እንዳያይ ነው ይባላል። ወሬ ነው፤ በሳምንቱ የሁሉንም ቁጥር ሁሉም በቃሉ ይይዘዋል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 1950 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር የነበረው ተማሪ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? 33። አንድ ሚኒባስ ሦስቴ ተመላልሶ የሚጨርሳቸው ልጆች። እነዚያን መምህሩ በስማቸው ይጠራቸው ነበር ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት ጥቂት ብቻ ነበሩ፤ አሁን የመንግሥቶቹ ብቻቸውን ከ40 በላይ ናቸው። በጥራት ጉዳይ የሚወቀሰው ብዙ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን እኔ በመስፋፋቱ አላማርርም። በእናቴ ዘመን ከእኛ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ያ በር ባይሰፋ ኖሮ እኔ አልገባም ነበር። እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ነው ላወራ የመጣሁት። በሩ ሰፍቶ ሰው በብዛት ሲገባ፣ የገባውን ልጅ ማን ነው የሚያውቀው? መቅረቱንስ ማን ነው የሚያየው?

እስቲ ከክላስ ልጀምር።

የመጀመሪያው ሰሞን ትምህርቱ አልነበረም የከበደኝ፣ ቋንቋው ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተማርን ይባላል። መጽሐፉ፣ አዎ። አስተማሪያችን ግን አንቀጹን በእንግሊዝኛ ያነብና «እንግዲህ ይሄ ምን ማለት መሰላችሁ…» ብሎ በአማርኛ ይተነትንልን ነበር። ግቢ ስንገባ ያቺ «እንግዲህ» ቀረች። ሌክቸረሩ ስላይዱን ይከፍታል፣ ሁለት ሰዓት ይነጉዳል፣ መጨረሻ ላይ «ኤኒ ኩዌሽን?» ይላል። ጭጭ። አዳራሹ በሙሉ ጭጭ። ገባቸው ብሎ ይወጣል። እኛ ጥያቄ አጥተን አይደለም፤ ጥያቄያችንን በእንግሊዝኛ ቀጣጥለን እስክንጨርስ ሰውየው ኮሪደሩን ጨርሷል። የሚጠይቁት ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የመጡት ናቸው። ሁሉም ጎበዞች ይመስሉኝ ነበር። አንዳንዶቹ እውነትም ጎበዞች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ግን በቃ አፋቸው የተፈታ ነው።

እና እኔ ትምህርቱን የተማርኩት ማታ ነው። ከራት በኋላ ክላሶቹ ባዶ ናቸው፣ ቀድሞ የገባ ይይዛቸዋል፤ ወንበር ላይ ደብተር ወይ ሻርፕ ጣል ታደርጊያለሽ፣ ቦታው ያንቺ ነው። የእኛ ዲፓርትመንት አካውንቲንግ ነበር። አንዲት ሴኒየር ነበረች፣ ሦስተኛ ዓመት፣ የነቀምቴ ልጅ። መምህራን ጥለውት የሄዱትን የጠመኔ ስባሪ ትለቃቅምና ሰሌዳው ፊት ትቆማለች። ዴቢትና ክሬዲት ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባ ብሎኝ፣ ዱቤ የሰጠሁት ሰው ገንዘቤን ይዞብኝ ሄዶ እንዴት ሀብት ይባልልኛል እያልኩ ስጨቃጨቅ «እናንተ ሰፈር ሱቅ የለም እንዴ?» አለችኝ። «ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩ ቢጠፋበት ምን ይሆናል?» ያብዳል አልኳት። «ታዲያ! ደብተሩ ውስጥ ያለው የእሱ ንብረት ስለሆነ አይደል የሚያብደው? ዴቢት በይው።» አለቀ። አንድ ወር ሙሉ ስላይድ ሲነዳብኝ ያልገባኝ ነገር እዚያ ሰሌዳ ፊት ገባኝ። ከዚያ ዞር ብላ ለሁለት ልጆች በኦሮምኛ ትደግመዋለች፣ ለሁላችንም ደግሞ ፈተና ላይ እንዴት እንደሚጻፍ በእንግሊዝኛ። ማንም አይከፍላትም። የራሷን ጥናት የምትጀምረው እኛ ከተበተንን በኋላ ነው። ስሜን ጠርታ «ዛሬስ?» የምትለኝ እሷ ነበረች። ከሌክቸረሮቼ መሀል ስሜን የሚያውቅ ያገኘሁት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው።

ዶርም… ዶርም ላይ አልቆይም፣ ምክንያቱም ስለ ዶርም የሚወራው ሁሉ ስኳር ይበዛበታል። «ትንሿ ኢትዮጵያ» ምናምን። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው በተነሳ ግጭት ስንት ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ እናስታውሳለን፤ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ። ስለዚህ ያንን ቃል ስሰማ ደስ አይለኝም። እኛ ስድስት ሴቶች ነበርን፣ አንድ ሶኬት። የምንጣላው በሶኬቱ ነው። ሄተር ክልክል ነው፣ ምድጃ ክልክል ነው፣ ሁሉም ሰው ግን ሄተር አለው። ፕሮክተሯ፣ ማለቴ የዶርም ተቆጣጣሪዋ፣ ስትመጣ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ዶርም ግድግዳ ይመታል፣ ቀጥሎ ያለው ይመታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እኛ ጋ ይደርሳል፤ ሄተሩ ቡትስ ጫማ ውስጥ ይገባል። አንዴ ገና ሳይበርድ ከትተነው የጫማው ሶል ቀለጠ። የጫማው ባለቤት ለሳምንት ኩርፊያ ላይ ነበረች። ፍቅርም ነበር፣ አልክድም፤ ከቤት የተላከ በሶ ሲመጣ ለብቻ የሚበላ የለም። ለብቻዋ የበላች ካለች ደግሞ እስከ ምርቃት ይነሳባታል።

እሺ፣ ካፌ።

አሁን ልጆቹ አፕ ምናምን ይኖራቸው ይሆናል፣ በእኛ ጊዜ ሚል ካርድ ነበር። ጠንካራ ወረቀት፣ ፎቶሽ ያለበት፣ የወሩ ቀናት በሳጥን በሳጥን የተሰመረበት፦ ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት። በሩ ላይ ቲከሩ ይቀመጣል። የእኛው ቲከር ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ጋሼ ነበር የምንለው፤ እስክሪብቶው እንዳይሰረቅበት በክር ወንበሩ ላይ ያስረዋል። ካርዱን ታቀብይዋለሽ፣ ጭረት ያደርግበታል፣ ቀና ብሎ እንኳ ያየሽ አይመስልሽም። ሰልፉ መቼም አያልቅም። የምግቡን ነገር ተዉት፤ ለአንድ ተማሪ የተመደበው የቀን በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፣ ከዚያ 22 ሆነ፣ በ2017 ነው ወደ 100 ብር ከፍ የተደረገው። በ15 ብር ሦስቴ የበላ ሰው የሽሮውን ቅጥነት መገመት አያቅተውም። ያለው ነን ካፌ ይሆናል፣ ብሩን ተቀብሎ ከቤተሰብ በሚላክለት ላይ ጨምሮ ውጪ ይበላል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚለየው ያኔ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ።

ዶርማችን ውስጥ አንዲት የጎጃም ገጠር ልጅ ነበረች። ስሟን አልናገርም። አረንጓዴ ሻሽ ከራሷ አይለይም። በጣም ዝምተኛ። ከሁላችንም በፊት ትነሳለች፣ ከሁላችንም በኋላ ትተኛለች፣ ስትቸክል ነው የምትውለው። እና የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲወጣ በዋርኒንግ፣ በማስጠንቀቂያ፣ እንኳ አልታለፈችም፣ ዲስሚሳል፤ ተባረረች። ያውም ከኤፎቹ መሀል አንዱ እንግሊዝኛ ነበር። ክሊራንሷን፣ የግቢው ንብረት እጇ ላይ እንደሌለ የሚያሳየውን የመልቀቂያ ፎርም፣ ለማስጨረስ አብሬያት ዞርኩ። ላይብረሪ «ያልመለስሽው መጽሐፍ አለ?» የለም፣ ማኅተም። ስፖርት ክፍል፣ የለም፣ ማኅተም። ካፌ ካርዷን ተቀበለ። ፕሮክተሯ ፍራሹን ቆጠረች። በዞርንባቸው ቢሮዎች ሁሉ ማንም «ምን ሆነሽ ነው?» አላላትም። ክፋት አይደለም፣ ፎርሙ ላይ እንደዚያ የሚል ቦታ የለም። ሻንጣዋን መናኸሪያ ድረስ ተሸከምንላት። አልጋዋ ብዙም ባዶ አልቆየም፣ ሌላ ልጅ ገባችበት። ክላስ ውስጥ አቴንዳንስ ሲጠራ ለተወሰነ ጊዜ ስሟ ይጠራ ነበር፣ ከዚያ አዲስ ሊስት ታተመ፣ ቀረ።

ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ልገባ ካርዴን ለጋሼ ሳቀብለው፣ ቀና አለና «ያቺ ባለ አረንጓዴ ሻሿስ?» አለኝ። ሄደች ጋሼ፣ ውጤት አልመጣላትም አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። «ከፈተናው በፊት ነው እኮ የደከመችው። ካርዷ ላይ ምሳ የለም፣ ራት የለም። አንድ ሁለቴ ምነው ብያት ፈገግ ብላ አለፈች» አለኝ። ከኋላዬ ሰው ገፋኝ፣ ሰልፉ ሄደ።

ተመልከቱ እንግዲህ። እኛ አብረናት የምናድረው እንኳ ቸክላ ደክሟት ነው፣ ጾም ይዛ ነው ስንል ነበር። ግቢው ግዙፍ ነው፤ ሬጅስትራር አለው፣ ዲን አለው፣ የሥርዓተ ጾታ ቢሮ አለው፣ ለሴቶች ቱቶሪያል አለው። ልጅቷ እየሰመጠች እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ግን በሙሉ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የነበረው ሚል ካርዷ ላይ ብቻ ነበር። ያነበበውም አንድ ሰው። የአንድ ወር ባዶ ሳጥን ያላት ልጅ ካለች ቲከሩ ለአንድ ሰው ይንገር፣ ያ ሰው ደግሞ ይጠይቃት፤ ይሄ ስንት በጀት ይፈልጋል? ምንም። ስለ ዩኒቨርሲቲ ጥራት ስብሰባ ሲደረግ ስሰማ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ያ ካርድ ነው። ምናልባት ልክ አይደለሁም፣ ትልቁ ነገር ላቦራቶሪና መምህር ሊሆን ይችላል። ግን ይመጣብኛል።

(ልጅቷን ደግሞ አግኝቻታለሁ፣ አትጨነቁ። ሪአድሚሽን፣ እንደገና መግባት፣ አልጠየቀችም፣ ኮሌጅ ገብታ ነርስ ሆናለች። እንግሊዝኛ አሁንም አልወድም ትላለች።)

ካርዱን አሁን ብዙ ቦታ ቀይረውታል። ሌላም የተቀየረ አለ። የ2014 ተፈታኞች ማትሪክን ራሱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው የወሰዱት፣ ያለፈውም 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ሬሜዲያል፣ ላላለፉት የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ኤግዚት ኤግዛም፣ የመውጫ ፈተና፣ አለ፣ 50 ካልመጣ ዲግሪው የለም። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከእኔ የባሰ ነው የምትፈተነው፣ መግቢያም መውጫም ላይ። እኛ ገብተን ነበር የምንወድቀው።

ስሚኝ እንግዲህ፣ አንቺ። የማታ ሰሌዳ ፊት የምትቆም ሴኒየር የሌለበት ዲፓርትመንት የለም፣ ጠይቀሽ አግኛት። የየሃይማኖቱ ተማሪዎች ማኅበራት፣ ግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓው፣ ፌሎሺፑ፣ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ይቀበላሉ፤ የትኛውም ይሁን ሻንጣሽን ስጫቸው፣ ከባድ ነው። ኮስት ሼሪንግ፣ የወጪ መጋራት ውል፣ ስትፈርሚ የፈረምሽው ዕዳ መሆኑን እወቂ፤ ሥራ ይዘሽ ከፍለሽ እስክትጨርሺ ኦሪጅናል ዲግሪሽ አይሰጥሽም፣ በቴምፖራሪ፣ በጊዜያዊው ወረቀት፣ ነው የምትንከራተቺው። ጓጉንቸር የራስሽን ያዢ፣ ጥሩውን፤ ግቢ በር ላይ የሚሸጠው በጸጉር ማስያዣ ይከፈታል። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ። ጉርድ ፎቶ በርከት አድርጊ። የስምንተኛና የአስራ ሁለተኛ ካርድሽን ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም፤ የስምንተኛዋን ነው ሁሉም የሚረሳት፣ እናትሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ከልደት ካርድሽ ጋር አስቀምጣታለች፣ ዛሬውኑ ፈልጊያት።

በሚቀጥለው ክፍል እንግዳ አለኝ፣ ኤግዚት ኤግዛም ሁለቴ የወደቀ ልጅ፣ እንዴት እንዳለፈው ይነግረናል። ጥያቄ ካላችሁ ቴሌግራም ላይ በድምፅ ላኩልኝ፣ በአማርኛም በሌላም ቢሆን ችግር የለም። ቻው።